ቆርኪዋ መጨረሻዋ ምን ሆነ መሰለህ?

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

«ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ በትምህርት ቤቱ ወግ ብጀምር፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ናፍቆቱ የት ተደብቆ ነበር?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልንገርህ፤ የጠፋሁት ባበደርከኝ 3,000 ብር ምክንያት ነው። መጀመሪያ አልነበረኝም፤ ኋላ ሲኖረኝ ደግሞ አፈርኩ። ስትደውል ስልኩ እስኪዘጋ ቁጭ ብዬ አየው ነበር።

አሁን ግን ሳልነግርህ የማላድረው ነገር ገጠመኝ። ባለፈው ቅዳሜ ብሔራዊ ቲያትር ጀርባ አሮጌ መጽሐፍ ሳገላብጥ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ቆንቋናውን የካርቱን ዳክዬ! አጎት ስክሩጅን! ያውም የቆርኪዋን ታሪክ፣ ከነመጨረሻው።

ለገሃር አስፋልት ዳር ግማሽ ግማሽ አዋጥተን የገዛናትን የሥዕል ታሪክ መጽሔት መቼም አትረሳትም። እህትህ በእንግሊዝኛዋ እየተረጎመች ታነብልን ነበር (ያልገባትን ከራሷ እንደምትጨምርበት ያወቅሁት አሁን ነው)። ስክሩጅ ስለ ገንዘቡ ሲጨቀጭቁት ነርቩ ይነካና፣ ገንዘብ የሚባል ነገር ወደማይታወቅበት ትራላ ላ ወደሚሉት ሸለቆ ይሸሻል። እዚያ ከነርቭ መድኃኒቱ ጠርሙስ አንዲት ቆርኪ ትወድቃለች፣ አንድ ገበሬ ያገኛታል፣ አገሩ በሙሉ በእሷ ይሻማል። የእኛዋ እዚህ ላይ አለቀች፤ የቀረውን ቅጠል ማን ገንጥሎ ቆሎ እንደጠቀለለበት እግዜር ይወቀው። አንተ «ቆርኪ ነግዶ ይነግሣል» አልክ። እኔ «ገደል ይጥላታል» አልኩ። በዚህ ተኳርፈን ስንት ቀን ሳንነጋገር ቀረን! ለነገሩ እኛስ በአምቦ ውሃ ቆርኪ እንደባደብ አልነበር?

ሁለታችንም ተሳስተናል። ሰዎቹ «ቆርኪ ቆርኪ» እያሉ ሰላም ሲነሡት ስክሩጅ ምን ያደርጋል? ለሁሉም ይድረሳቸው ብሎ ቆርኪ በአውሮፕላን ያዘንብባቸዋል! የሩዝ ማሳው በቆርኪ ተቀበረ። ትናንት በግና አሳማ ያወጣ የነበረው ነገር ዛሬ ከመሬት የሚጠርገው ጠፋ፤ ሕዝቡም በዳክዬው ላይ ተነሣ። ቆሜ ስስቅ ሻጩ ዋጋ ጨመረብኝ። ይህ እንግዲህ በፈረንጆች 1954 የታተመ ነው። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሳቄ ቀነሰ። አንተ ስታበድረኝ ዶላር 30 ብር አልሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ130 በላይ ነው። ብርህ እኔ ኪስ ተቀምጦ ቆርኪ ሆነብህ ማለት ነው።

ደግሞ ሁሉንም የሚሥለው ሽፋኑ ላይ ስሙ ያለው ዋልት ዲዝኒ ይመስለን አልነበር? ለካስ የኛን ሰውዬ የፈጠረው ካርል ባርክስ ነው፤ በፈረንጆች 1947። ስሙ ለዓመታት አልወጣለትም። አንባቢው ግን በአሣሣሉ ለይቶት፣ ስሙን ሳያውቅ «ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ» ይለው ነበር። በፈረንጆች 2000 ሲሞት 99 ዓመቱ ነበር። ስክሩጅ ለወንድሙ... ይቅርታ፣ ለእህቱ ልጅ ለዶናልድ በሰዓት 30 ሳንቲም የሚከፍለውን ያህል እንኳ ስም አልከፈሉትም።

ሰፈራችንን ብታየው አታውቀውም። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ ያምራልም፤ እኔ ግን የድሮዋን ቡና ቤታችንን በር ፍለጋ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። ጊዮርጊስ ብቻ እንዳለ አለ።

ለመሆኑ የባንክ ሂሳብ ቁጥርህ ያው የድሮው ነው? ላክልኝና 3,000ውን አስገባለሁ። ወለዱን ደግሞ ክትፎ ጋብዤህ እንተሳሰባለን፤ በኔ ሂሳብ ሁለት ክትፎ ይሆናል፣ አንተ ሦስት ካልክ እንከራከራለን።

መጽሔቷን ግን አልክልህም። ከፈለግካት መጥተህ እኔ ቤት ታነባታለህ፤ እጅህን ታጥበህ።

ያው ያልተለወጠው
ጓደኛህ