ለአባቴ፣ ስለ ብሩክ ጉዳይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ማሳጠሬ አክብሮት አጥቼ አይደለም። ያን ዕለት ስለ ወንድሜ ስለ ብሩክ መታሰር ስናወራ ስልኩን ከዘጉብኝ ወዲህ በቃል መናገሩ ስለከበደኝ ነው የምጽፈው። መነጽርዎን አድርገው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ለጠበቃ የላክሁትን ገንዘብ «ለእህትሽ ለሕይወት ሰርግ ይሁን፣ ለሐሺሻም ሳንቲም አላወጣም» ብለው እንዳስቀመጡት ሰማሁ። አባዬ፣ ያ ገንዘብ የብሩክ ነው። የሰርጉን ለብቻው እልካለሁ። ከየት ታመጣዋለች ብለው አይጨነቁ፤ የሌሊት ሥራው ደህና ይከፍላል፣ አይከብድም፤ አረጋውያንን አስተኝቶ ቁጭ ብሎ ማደር ነው።

ሕይወት እንደነገረችኝ እማዬ በየቀኑ ከሰፈራችን ከአቶቴ ወደ ፖሊስ ጣቢያው በባጃጅ ስንቅ ታመላልሳለች። በር ላይ ያለው ፖሊስ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ፣ እንጀራውን በማንኪያ እጀታ ገላልጦ፣ «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» ይላታል አሉ። ቤቷ የመጣ ሰው ሳይጎርስ እንዲወጣ የማትፈቅድ ሴት፣ ለገዛ ልጇ የሠራችውን ሽሮ መርዝ እንዳልጨመረችበት እየቀመሰች ታረጋግጣለች። የደም ግፊቷንስ ማን ይለካላታል? መድኃኒቷን እየዘለለች መሆኑን ሕይወት ልትደብቀኝ ሞክራ ነበር፤ ድምፅዋ አጋለጣት።

«ሕግ ሕግ ነው» ብለውኛል። እኔም ብሩክ ያጨሰው ጥሩ ነገር ነው አልልም። ከዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ፍቅር ሐይቅ ዳር ብቻውን ሲያወራ የሚውለውን የጎረቤታችንን ልጅ አልረሳሁትም፤ ማሪዋና ለወጣት አእምሮ እንደማይበጅ ሐኪሞችም ይናገራሉ። የእኔ ጥያቄ፣ ኪሱ ውስጥ አንድ ጥቅል የተገኘበት ልጅ በማዳበሪያ ከረጢት እየጫነ ከሚቸበችበው ነጋዴ እኩል ይታይ ወይ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 የሚያመርተውን፣ የሚያዘዋውረውንና የሚጠቀመውን በአንድ ርዕስ ሥር ሰብስቦ ይዟቸዋል። ዐቃቤ ሕጉ በየትኛው ንዑስ አንቀጽ ክስ እንደሚመሠርት ብዙ ነገር ይወስናል፤ ጠበቃ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ነጋዴው እንደሆነ ጠበቃ አያጣም።

ደግሞስ ብሩክና የባለ ሆቴሉ ልጅ አብረው አልተያዙም ወይ? የባለ ሆቴሉ ልጅ በዚያው ሌሊት ቤቱ ገብቶ አደረ፤ በጡረተኛው አስተማሪ ልጅ ላይ ግን እንደገና ጊዜ ቀጠሮ ተጠየቀበት። ሥነ ዜጋ ሲያስተምሩ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ብለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት።

አሜሪካን ገነት አድርጌ ላወራልዎ አይደለም። የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ጥቁሩም ነጩም ማሪዋና የሚጠቀመው በተቀራራቢ መጠን ሆኖ ሳለ፣ ይዞ በመገኘት የመታሰር ዕድሉ ግን ለጥቁሩ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋ ነበር። አሁን እኔ ያለሁባት ሜሪላንድ በሕዝብ ድምፅ ፈቅዳ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ወዲህ ዕድሜው 21 የሞላው ሰው እስከ 42 ግራም ገደማ ቢይዝ አይከሰስም። ባለፈው ሰኔ ደግሞ አገረ ገዥው ዌስ ሙር ከ175 ሺህ ለሚበልጡ የቀድሞ ፍርዶች ይቅርታ አደረጉ። በመዝገቡ ምክንያት ሥራ ሲከለከል ለኖረው ሰው ግን ያን ዘመኑን ማን ይመልስለታል?

አውቶቡስ ከምጠብቅበት ፊት ለፊት አንዱ መሸጫ አለ። መብራቱ ከፋርማሲ ይደምቃል፤ ሰው መታወቂያ አሳይቶ ገብቶ በወረቀት ከረጢት አንጠልጥሎ ይወጣል። እኔ በደጁም አላልፍም። የፌዴራሉ ሕግ ዛሬም ይከለክላል፤ ዜግነት ለሚጠይቅ ስደተኛም የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ መከላከያ አይሆነውም።

በድፍረቴ አይቆጡኝ እንጂ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞችዎ ጋር በረንዳው ላይ የሚቅሙት የወንዶ ጫት እዚህ ቢገኝብዎ በካቴና ሊታሰሩ ይችላሉ። ለጋ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በዚህ አገር ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ዝርዝር ሰፍሯል፤ ማሪዋናም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ስትቆጠር ኖራለች። ታዲያ እርስዎ ዱርዬ ነዎት? ስንቱን የሰው ልጅ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ አባት!

አንድ ነገር በጥብቅ አደራ እላለሁ። መርማሪው «እመንና በቀላሉ ትወጣለህ» ብሎታል አሉ። ጠበቃ ሳያማክር ምንም ነገር እንዳይፈርም። ዜግነቴን ካገኘሁ በኋላ ላመጣው እንደማስብ ያውቃሉ። በዚህ አገር የኢሚግሬሽን ሕግ በአደንዛዥ ዕፅ የተፈረደበት ብቻ ሳይሆን ፈጽሜአለሁ ብሎ ያመነም ቪዛ ሊከለከል ይችላል። የአንድ ቀን ፊርማ ዕድሜ ልኩን በር ሊዘጋበት ይችላል።

«አንቺ ርቀሽ ምን ታውቂያለሽ» አይበሉኝ። የቤቱን ቆርቆሮ የቀየረው፣ የብሩክን የኮሌጅ ክፍያ የከፈለው ይኸው ርቀት ነው። (ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን አልሰርዘውም።) ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሐዋሳን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ ሳስብ አድራለሁ። ብሩክ ሕፃን እያለ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ዓሣውን ሲበልቱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ሲንጎማለሉ እያየ ፈርቶ ቀሚሴ ውስጥ ይደበቅ ነበር። እርስዎ ትከሻዎ ላይ አውጥተው «አየህ፣ እነሱ የሚፈልጉት አንጀቱን ነው፣ አንተን አይደለም» ይሉት ነበር። ያን ጊዜ የነበረው ልጅ ነው እኮ አሁን ሲሚንቶ ላይ የተኛው።

ሕይወት ከጥምቀት በኋላ ልትዳር ነው። ሽማግሌ ሲመጣ አልነበርሁም፣ ሰርጉ ላይም አልኖርም። እኔን ውቅያኖስ ከለከለኝ፤ ወንድሟን ደግሞ የአባቱ ቁጣ ይከልክለው? የሙሽራው ወገኖች ምን ይላሉ የሚለው ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ሕይወት ለእጮኛዋ ሁሉንም ነግራዋለች፤ እሱም ብርድ ልብስ ገዝቶ ለብሩክ አድርሶለታል። እርስዎ ሳይሄዱ አማችዎ ቀደሙዎት። ይህን ስሰማ እህቴን ለጨዋ ሰው እንደሰጠናት አወቅሁ።

ሐሙስ ቀጠሮ አለ። ግራጫ ኮትዎን ለብሰው ችሎቱ ውስጥ ከፊት ይቀመጡ፤ ብሩክ ዞር ሲል እርስዎን ይይ። ዋስትና ከተፈቀደ እንዳይጉላላ መታወቂያዎን አይርሱ። ገንዘቡን ረቡዕ ያውጡ፣ የጠዋት ሰልፍ ያስረፍድብዎታል። የእማዬን ግፊት አስለክታችሁ ቁጥሩን ላኩልኝ፤ «ደህና ናት» የሚል መልስ አልቀበልም። የሕይወትን የጫማ ቁጥርም እፈልጋለሁ፤ ዕቃ የሚያደርስልኝ ሰው በታኅሣሥ መጨረሻ ይነሳል።

ልጅዎ፣
አስቴር