ስለ ፕላን ዋጋና ስለ አውቶካድ፦ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሰሞኑን ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለችው የድራፍቲንግ (የፕላን ሥዕል) ቢሯችን የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው። "በስንተኛው አውቶካድ ነው የምትሠሩት?" ይለናል፤ አውቶካድ ፕላን የምንስልበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፣ በየጊዜው አዲስ ቨርዥን (እትም) ይወጣለታል። ከዚያ ቀጥሎ "ኮምፒውተሩ አይደል እንዴ የሚስለው? እኛ ሰፈር ያለ ልጅ በግማሽ ዋጋ ይሠራልኛል" ይመጣል። ጥያቄው አያስከፋንም። የላባችሁን ነው የምትከፍሉት፣ ለምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው በጥድፊያ ከመመለስ ብለን ይቺን ደብዳቤ ጻፍን።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ልናሳንሰው አንፈልግም። በቢሯችን በዕድሜ ትልቁ ባልደረባችን ሥራ የጀመሩት በትሬሲንግ ወረቀትና በቀለም ብዕር ነው። አንድ ግድግዳ 20 ሳንቲ ፈቀቅ ይበል ከተባለ ቀለሙን በምላጭ ይፍቁ ነበር፣ ወረቀቱ ከሳሳ ደግሞ ሉሁን እንደገና ከመጀመሪያው። አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ ለገበያ ከወጣ ወዲህ ይህ ሁሉ ድካም ቀስ በቀስ ቀረ። ዛሬ በሩን አንዴ ብሎክ (በየቦታው የሚደጋገም አንድ ሥዕል) አድርጎ የሠራ ሰው አንዱን ሲያስተካክል ሕንፃው ላይ ያሉት በሮች በሙሉ አብረው ይስተካከላሉ። የኤሌክትሪኩ ሌየር (ንብርብር) ሲጠፋ የሳኒተሪው፣ ማለትም የውሃና የፍሳሹ፣ ብቻውን ይታያል። ስፋት በሴኮንድ ይሰላል። ለዚህም ነው ለፕሮግራሙ ገንዘብ የምናወጣው።

ግን እኚሁ ባልደረባችን ደጋግመው የሚነግሩን ነገር አለ። በወረቀቱ ጊዜ ማጥፋት ስለሚያደክም ሰው አስቦ ነበር የሚያሰምረው። አሁን ማጥፋቱም መገልበጡም ቀላል ስለሆነ ሳይታሰብ የተሰመረ መስመር አምሮና ጠርቶ ታትሞ ይወጣል፣ ስህተቱ የሚታየውም ፌሮ ከታሰረና ሲሚንቶ ከተገዛ በኋላ ነው። ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

አንድ ያየነውን እንንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛችን ሌላ ቦታ ያሠሩትን የጂ+1 ፕላን ለህትመት ብቻ ይዘውልን መጡ። ሲያዩት ያምራል። አንዱ መኝታ ቤት ላይ 4.00 ይላል። ሌላው ባልደረባችን የውጭውን ጠቅላላ ልኬት ከውስጦቹ ድምር ጋር ሲያስተያየው 20 ሳንቲ አልገጥም አለው። ፋይሉን ከፍቶ ሲለካው ክፍሉ 3.80 ነው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፣ 3.80 ብሎ ለክቶ ነበር። ሰው ነው ቁጥሩን አጥፍቶ በእጁ 4.00 ብሎ የጻፈበት፤ ምናልባት ባለቤቱ ክፍሉ ይስፋ ሲሉ ግድግዳውን ማንቀሳቀስ ሌላውን ሁሉ ስለሚያናጋበት ይሆናል። የስትራክቸሩ ፕላን ላይ ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) የተቀመጡት በ3.80 ነበር። ፎርማን ደግሞ ወረቀት ላይ ማስመሪያ አያሳርፍም፣ የተጻፈውን ቁጥር አምኖ ነው ክር የሚወጥረው። ደግነቱ ገና ቁፋሮ አልተጀመረም። ይህን ስህተት የትኛውም አዲስ ቨርዥን አይከለክልም፣ ምክንያቱም ቁጥሩን በእጅ መጻፍ የተፈቀደ ነገር ነው።

ሌላው የካርታ ነገር ነው። የይዞታ ካርታችሁ ላይ ያሉት የማዕዘን ቁጥሮች የተሠሩት በአብዛኛው አዲንዳን በሚባለው የቆየ የካርታ መለኪያ መነሻ ነው። ስልካችሁ የሚሰጣችሁ ጂፒኤስ ግን በሌላ መነሻ፣ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው ነው። አዲስ አበባ ላይ የሁለቱ ልዩነት 200 ሜትር አካባቢ ነው። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ቦታችሁን የጎረቤትም ሳይሆን የሌላ ሰፈር ያደርገዋል። ኮምፒውተሩም ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ለእሱ ሁለቱም ቁጥር ናቸው።

ደረጃም እንደዚሁ ነው። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ካለ 17 ሳንቲ ከፍታ ያላቸው 18 እርከኖች ልክ ይመጣሉ፤ መርገጫው 28 ሳንቲ ሲሆን ለእግር ይመቻል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ቦታውን ይተውለታል። የማያውቅ ግን የተረፈችው ቦታ ውስጥ ይጨምቀውና እናታችሁ በየቀኑ ጉልበታቸውን ይዘው ይወጡታል።

"ሬቪት ብትጠቀሙ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" ያሉንም አሉ። ሬቪት ሕንፃውን በሞዴል የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው። ጥሩ ነው፣ ፕላኑ ላይ የተቀየረው ሴክሽኑም (ሕንፃው ተቆርጦ የሚታይበት ሥዕል) ላይ ይቀየራል። ስህተት የገባ እንደሆነም እንዲሁ ሁሉም ሉህ ላይ እኩል ይደርሳል።

ልጆቻችን እጃቸው ፈጣን ነው፣ እንኮራባቸዋለን። ቢሆንም አዲስ የገባን ሰው መጀመሪያ የምንልከው ሳይት ነው። 20 ሳንቲ ብሎኬት በሁለት በኩል ሲለሰን 24 አካባቢ እንደሚሆን፣ ያቺ የ4 ሳንቲ ጭማሪም ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሩ እንዳይከፈት ልታደርግ እንደምትችል በዓይኑ ያይ ብለን ነው። ከዋጋችን ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ ሳይት ሄዶ ለመለካት፣ ለማሰብ፣ ከዚያም ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያመሳክረው።

ከእንግዲህ ዋጋ የምንነግራችሁ በሉህ ብዛት ሳይሆን ሥራውን ካየን በኋላ ነው። ሳይት ሄደን መለካቱ በዚያው ውስጥ ይካተታል። ሲያልቅ ፒዲኤፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውን የአውቶካድ ፋይልም ትወስዳላችሁ፣ የከፈላችሁበት ንብረት ነው። ስለ ቨርዥኑም አትጨነቁ፣ ለአሮጌው የሚሆን አድርገን እናስቀምጥላችኋለን።

ሰፈራችሁ ያለው ልጅ ጋ ብታሠሩም ቅር አይለንም፣ ጎበዝ ልጅ ሊሆን ይችላል። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉን ፊታችሁ ከፍቶ ሦስት ክፍል በፕሮግራሙ ይለካላችሁ፣ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆኑን እዩ። ከዚያ የውስጦቹን ልኬት ከነግድግዳው ደምራችሁ ከውጭው ጋር አስተያዩ። በስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

ያልገጠመ ነገር ካገኛችሁ ወይ ከተጠራጠራችሁ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት አለን። ለማየት አናስከፍልም፣ እኛ ያልሠራነው ቢሆንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድራፍቲንግ ቢሯችሁ ሠራተኞች