የአልካላይን ውሃ ማስታወቂያ ይታይልን፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ ባሕርይ ያለው) ውሃና ውሃውን አልካላይን ያደርጋል የሚባል ማሽን የሚሸጡ ሰዎች ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ስኳር ይጠፋል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ካንሰር ይድናል እያሉ ነው። ይህን የፈውስ ወሬ ከማስታወቂያው አስወርዱልን። ጎመንና ሰላጣ አብዝታችሁ ብሉ የሚለውን ምክር ግን ተዉት፣ እሱ ማንንም አልጎዳም።

የወሬው መነሻ «ደማችሁ አሲድ በዝቶበታል፣ በምግብ አስተካክሉት» የሚል ነው። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካላይን ነው) ግን ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በትንፋሽ እያስወጣ፣ ኩላሊት ትርፉን አሲድ በሽንት እያስወገደ ሌት ተቀን ይጠብቁታል። ከዚህ ርቆ የወጣ ሰው ሆስፒታል ነው የሚገኘው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሎሚ አይጨምቅም። ምግብ በቀላሉ የሚቀይረው የሽንትን ፒኤች ነው። ውሃውም ቢሆን መጀመሪያ የሚያርፈው ጨጓራ ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 3.5 ነው። ሻጮቹ ጠብታ ጨምረው ቀለሙ ሲቀየር የሚያሳዩን የብርጭቆውን ውሃ እንጂ የጠጪውን ደም አይደለም።

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ ካንሰር በአልካላይን ሰውነት ውስጥ እንደማይኖር አረጋግጦ ኖቤል ተሸለመም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1931 የተሸለመው ሴል በሚተነፍስበት ኢንዛይም ላይ ባደረገው ምርምር ነው። የካንሰር ዕጢ ዙሪያውን አሲዳማ የሚያደርገው ደግሞ ራሱ ነው፣ የበላነው ምግብ አይደለም።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አልካላይን ውሃ ፈውስ ቢሆን ኖሮ የስምጥ ሸለቆ ሰው ሐኪም ቤት ባልረገጠ ነበር! እዚያ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው በተፈጥሮው ወደ አልካላይን ያደላል፣ የሻላ ሐይቅማ ፒኤቹ 10 አካባቢ ነው። ችግሩ ያ ሶዳ የበዛበት ውሃ ካልሲየሙ አነስተኛ ስለሆነ ከድንጋዩ የሚሟሟው ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን አብሮት መቅረቱ ነው። ወንጂና መተሐራ አካባቢ ጥርሳቸው የበለዘ፣ ሲብስም አጥንታቸውና መገጣጠሚያቸው የተጎዳ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተጠንተዋል። ጥፋቱ የፍሎራይዱ ነው፣ የፒኤቹ አይደለም፣ እሱን አልክድም። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ታዲያ ጠርሙሱ ላይ «ፒኤች 9» ተብሎ በትልቁ ሲጻፍልን ፍሎራይዱና ሶዲየሙ ስንት እንደሆነስ ማን ይነግረናል?

ምን ጉዳት አለው የሚል ካለ፣ አሜሪካ ውስጥ የአልካላይን ሰባኪ የነበረው ሮበርት ያንግ ያለ ሕክምና ፈቃድ ሰው በማከም እ.ኤ.አ. በ2016 ጥፋተኛ ተብሏል። በ2018 ደግሞ የጡት ካንሰሯን መደበኛ ሕክምና ትታ የእሱን መንገድ ለተከተለች ሴት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል የሳን ዲዬጎ ዳኞች ወስነውበታል። ገንዘቡ ያመለጣትን የሕክምና ጊዜ አይመልስላትም።

እኛም ጋ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ በየቀኑ ጠጡ የሚል አለ። ሐኪም ለአንዳንድ የኩላሊት ሕመምተኞች ይህንኑ ቅመም መጥኖ ያዛል፣ ግን የደም ምርመራቸውን እያየ ነው። ውስጡ ያለው ሶዲየም ብዙ ነው፣ ግፊት ላለበት ሰው በዘፈቀደ የሚጠጣ ነገር አይደለም።

እናም በሽታ እንደሚያድን የሚያስተዋውቅ ሻጭ ማስረጃውን ለእናንተ ያቅርብ፣ ከሌለው ማስታወቂያውን ያውርድ። ጠርሙሱ ላይም ከፒኤቹ ጎን ፍሎራይዱና ሶዲየሙ ይጻፍ። ከዚያ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ አጫጭር ቪዲዮ ሠርታችሁ እዚያው ቲክቶክ ላይ ልቀቁት። እባካችሁ እንደተለመደው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለጥፉልን፣ እናቶቻችን አጉልተው ማንበብ አይችሉም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ