ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ከነማብራሪያቸው ይውጡልን
ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር እና ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት

የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን በማጠናከሪያ ትምህርት የምናግዝ መምህራን ነን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች እያንዳንዱ ምርጫ ለምን ትክክል ወይም ስህተት እንደሆነ ከሚያስረዳ ማብራሪያ ጋር ይውጡ። የመልስ ቁልፍ ብቻውን አያስጠናም።

በብዙ የማጠናከሪያ ክፍሎች አስጠኚው ጥያቄውን አንብቦ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ቁጥሩ ሲቀየር ያው ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይስታል፤ የት እንደተሳሳተ ማንም አልጠየቀውምና።

ከፊዚክስ አንድ ጥያቄ እንይ። ድንጋይ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ ተወረወረ፤ የስበት ፍጥንጥነቱ 10 ከሆነ ምን ያህል ከፍ ይላል? ምርጫዎቹ 2፣ 10፣ 20 እና 40 ሜትር ናቸው፤ መልሱ 20 ነው። 40 ያለው ፍጥነቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ዘንግቶ 20ን በ2 ሰከንድ አባዝቷል። 10 ያለው አማካይ ፍጥነቱን አግኝቶ በጊዜ ሳያባዛ ቆሟል። 2 ያለው ደግሞ ያሰላው ጊዜውን ነው፤ ስሌቱ ልክ ነው፣ የተጠየቀውን ግን አላስተዋለም። ሦስቱም ነጥቡን ያጣሉ፣ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ለየቅል ነው።

ኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ስንት ግራም ውኃ ይገኛል? 20 የሚል ተማሪ ሁለቱን ደምሯል፤ 36 የሚል ኦክስጅኑ ቀድሞ እንደሚያልቅ አላየም። መልሱ 18 ነው፣ 2 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። በጂኦግራፊ፣ በ1፡50,000 ካርታ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ 200 የሚሉት ሴንቲ ሜትሩን በ100,000 ማካፈል ሲገባቸው በ1,000 አካፍለው ነው። በእንግሊዝኛ ምንባብ ላይ ግን ስሌት የለም፤ ተማሪው መልሱን የሚደግፈውን መስመር በጣቱ እንዲያሳይ መጠየቅ ይበቃል። ማሳየት ካልቻለ ገምቷል ማለት ነው፣ ቢያገኘውም እንኳ።

ስለዚህ ጥሩ ጥናት እንዲህ ይሄዳል። ተማሪው በሰዓት ተወስኖ ብቻውን ይሠራል፤ ከመታረሙ በፊት ለምን እንደመረጠ ይናገራል፤ አስጠኚው የሳተበትን መስመር ፈልጎ ያሳየዋል፤ ቁጥሩ የተቀየረ ሌላ ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ከሳምንት በኋላ ሳይነገረው ያው ዓይነት ጥያቄ ይመለስለታል። በዚህ አካሄድ በ90 ደቂቃ ከ10 ጥያቄ በላይ አይኬድም። ይህን አዝጋሚ ነው ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን 40 ጥያቄ ከመገልበጥ 10ሩን መረዳት ይሻላል እንላለን።

አንድ አስጠኚ ሁሉንም ትምህርት አያውቅም፤ የሒሳብ መምህር ባዮሎጂ ሲጠየቅ በግምት ከመመለስ ለባለሙያው ቢያሳልፍ ይመረጣል። ባለሙያ በማይገኝበት ትምህርት ቤት ግን ያለው አማራጭ የታተመው ማብራሪያ ብቻ ነው።

ከማብራሪያው ጋር ሁለት ነገር ይጨመርልን፦ ጥያቄው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ከየትኛው ምዕራፍ እንደወጣ፣ እና ከተፈታኞቹ ስንት በመቶው የትኛውን ምርጫ እንደመረጡ። መልሱ በማሽን ስለሚታረም ይህን ቆጥሮ ማውጣት ከባድ አይሆንም። በአንድ የተሳሳተ ምርጫ ላይ ብዙዎች ከተሰበሰቡ፣ ያ ምዕራፍ በየትኛው ነጥብ ላይ እንደገና መማር እንዳለበት አስጠኚው ቀድሞ ያውቃል። ሥራውን በሒሳብ፣ በፊዚክስ እና በኬሚስትሪ ጀምራችሁ ሌሎቹን በተከታታይ ብታወጡ፣ ማብራሪያውን በመገምገም ለማገዝ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የማጠናከሪያ ትምህርት መምህራን