ስለ በቀቀኔ ዕድሜ የቀረበ ቅሬታ

ለቤት ወፎች መሸጫው ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የ30 ዓመት ናት ተብላ የተሸጠችልኝን ጫጩት ይመለከታል

የዛሬ አምስት ወር ከእናንተ አንዲት ግራጫ አፍሪካዊት በቀቀን ገዛሁ። ዕድሜዬ 68 ነው። የፈለግሁትም በዕድሜ የገፋች፣ አብራኝ የምታረጅ ወፍ ነበር። ይህ ዝርያ በሰው እጅ ከ40 እስከ 60 ዓመት ሊኖር እንደሚችል ስለማውቅ፣ ጫጩት ወስጄ ያለ አሳዳጊ ማስቀረት አልፈለግሁም። ሻጫችሁ “እማማ፣ ይቺ 30 ዓመቷ ነው፤ ባለቤቷ ሞተውባት ነው” አለኝ፤ ይህንኑም ደረሰኙ ላይ ጻፈልኝ።

በሳምንቱ ተጠራጠርሁ። ምግብ ይዤ ስቀርብ ክንፏን እያርገፈገፈች፣ አንገቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ታለቃቅሳለች፤ አጉርሺኝ ማለቷ ነው። የ30 ዓመት ወይዘሮ እንዲህ አትሆንም። ዓይኗም ጥቁር ነበር። የዚህ ዝርያ ጫጩት ዓይን ጥቁር ሆኖ ይጀምርና በወራት ውስጥ አመድማ ይሆናል፤ የገለባ ቢጫ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። የእኔዋ አሁን አመድማው ላይ ደርሳለች። ስደውልለት ሻጩ “በእርጅና ፈዞ ነው” አለኝ! ቃል አለመናገሯንም የሐዘን ነው አለ። እነዚህ ወፎች አጥርተው መናገር የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ነው።

ክርክሩን የዘጋው የእግሯ ቀለበት ነው። መገጣጠሚያ የሌለው ቀለበት የሚጠልቀው ጫጩቷ ገና በሳምንታት ዕድሜ ላይ ሳለች፣ ጣቶቿ ሲያልፉለት ብቻ ነው። የተቀረጸበት ዓመት ያለፈው ዓመት ነው። ሐኪሙ በማጉያ መነጽር ሲያነብልኝ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ሒሳቡን እናንተም ሥሩት፦ እኔ 90 ብደርስ እንኳ እሷ 23 አይሞላትም።

ወፏን አልመልስም። ለምዳኛለች፤ በቀቀን ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር በጭንቀት ላባውን እስከ መንጨት ሊደርስ ይችላል። የምጠይቀው የተፈለፈለችበት ትክክለኛ ዓመት የሰፈረበት ሰነድ ነው። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ2016 የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይቴስ ስምምነት ከፍተኛ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ተርታ እንዲገባ ተወስኗል፤ ከእኔ በኋላ የሚረከባት ሰው በሐሰት ወረቀት እንዲቸገር አልፈልግም። በተጨማሪም እኔ ባልኖር ወይም አቅም ቢያንሰኝ መልሳችሁ እንደምትረከቧትና ወፍ ማሳደግ ለሚያውቅ ሰው እንደምትሰጧት በጽሑፍ አረጋግጡልኝ። ሻጩንም ቢያንስ ዓይን ማየት አስተምሩት።

መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂና የቀለበቱ ፎቶግራፍ