«ከሐኪም እስከ ነርስ» ሲባል ሁሉም ሠራተኛ ማለት አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ጤና ተቋም ሠራተኞች ድካም ያወጣችሁትን ዘገባ ከሌሊት ተራዬ ወጥቼ አነበብኩት። ሁለቴ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ በጉጉት፣ ቀጥሎ ደግሞ እኛ የቱ ጋ እንዳለን ለመፈለግ። የትም የለንም።

ዘገባው «ከሐኪም እስከ ነርስ ሁሉም ሠራተኛ ዝሏል» ይላል። የተጣላሁት ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ከሐኪም ተነስታችሁ ነርስ ላይ ቆማችሁ «ሁሉም» ካላችሁ እኛ ምንድን ነን? ወለል የምንወለውል፣ አንሶላ የምናጥብ፣ ሬሳ የምንገፋ፣ ካርድ የምናወጣ፣ በር የምንጠብቅ ሰዎች የማን ሠራተኞች ነን?

እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። 11 ዓመት ሆኖኛል።

የሐኪሞቹንና የነርሶቹን ድካም አልክድም። በዓይኔ የማየው ነው። ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ የጣላት ሲስተር እንዳትነቃብኝ ባልዲዬን አንጠልጥዬ በእግር ጣቴ ያለፍኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ስለ እነሱ የጻፋችሁት ቢያንስ እንጂ አይበዛም። ግን ተቆጥሮ የማያልቅ ሰው ረስታችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 59 ሚሊዮን ገደማ የጤና ሠራተኞች አሉ ብሎ ሲገምት፣ የሚያክሙትን ብቻ አልቆጠረም። ሲሶ ያህሉ የአስተዳደርና የድጋፍ ሠራተኞች ነበሩ። እናንተ ያንን ሲሶ በአንድ ዓረፍተ ነገር አወጣችሁት።

«በርንአውት» ለሚባለው ነገር የጠቀሳችሁት የዚሁ ድርጅት የ2019 ትርጉም ነው። ትርጉሙ ልክ ነው። መላ ያልተበጀለት፣ የቆየ የሥራ ጭንቀት የሚያመጣው ነገር ነው። አቅም ተሟጦ ያልቃል፣ ሰው ከሥራው ጋር ይኮራረፋል፣ የምሠራው ሁሉ ውጤት የለውም የሚል ስሜት ይመጣል። ይህን ትርጉም ደጋግሜ አየሁት። ነጭ ጋውን ለለበሰ ብቻ የሚል ነገር አላገኘሁበትም። ሦስቱንም ግን አውቃቸዋለሁ።

በጣም ያንገበገበኝ የመርፌው ጉዳይ ነው። በመርፌ መወጋትን የነርሶች አደጋ አድርጋችሁ አለፋችሁት። መርፌ ታካሚው ክንድ ላይ ሥራው አያልቅም። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ካልገባ አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ ላውንደሪ (ልብስ ማጠቢያ ክፍል) ይወርዳል፣ ወይ ከቆሻሻ ጋር ከረጢት ገብቶ እኔ ጋ ይደርሳል። ነርሷ ስትወጋ መርፌው የየትኛው ታካሚ እንደነበር ብዙ ጊዜ ታውቃለች። ታካሚው ይመረመራል። እኔ ስወጋ ግን ማን ይመርመር?

ከ4 ዓመት በፊት ከረጢት ሳነሳ ጭኔን ወጋኝ። ሌሊት ነው። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ተቆጣጣሪ ስልክ አያነሳም። ተረኛውን ስጠይቅ «አንቺ የኛ ሠራተኛ አይደለሽም፣ ቀጣሪሽን ጠይቂ» አለኝ። ሲነጋ ቀጣሪዬ «የተወጋሽው እነሱ ጋ ነው፣ እነሱን ጠይቂ» አለኝ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እኔ ሰዓቱን እየቆጠርኩ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት በማግስቱ ማታ ጀመርኩ። 28 ቀን ዋጥኩ። ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም በነካው መርፌ ሲወጉ በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ሰው 3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ግን ካልተከተቡ ከ100 ሰው እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ለእሱ ደግሞ በ3 ዙር የሚሰጥ ክትባት አለ። እንዳለ ያወቅኩት ያን ሰሞን ነው። 7 ዓመት ሙሉ ያንን ከረጢት ስሸከም አንድ ሰው «ተከትበሻል?» ብሎኝ አያውቅም። የመጨረሻው ምርመራ ደህና ነሽ እስኪለኝ ድረስ ልጄን አቅፌ አልተኛሁም።

ዘገባችሁ ሆስፒታሎች ለሠራተኞቻቸው የሚያዘጋጁትን የምክክር ፕሮግራም አድንቋል። ጥሩ ነገር ነው። እኛም ጋ አንድ ጊዜ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ብዙ ሳምንት ተኝታ ሞታብን ነበር፣ ሁሉም ልቡ ተሰብሯል። ሐኪም ገብቶ ይወጣል፤ እኔ ግን ክፍሏን እስክጨርስ እቆይ ስለነበር ስታወራ የምታድረው ከእኔ ጋር ነበር። የአዳራሹን ወለል የወለወልኩት፣ ወንበሩን የደረደርኩት እኔና ጓደኛዬ ነን። ሰዎቹ መግባት ሲጀምሩ «በቃ፣ እናንተ መውጣት ትችላላችሁ» ተባልን። እነሱ ስለ ልጅቷ ሲያወሩ እኔ የልጅቷን አልጋ በበረኪና አጠብኩ። እስከ ዛሬ ስለ እሷ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ምናልባት ይሄ የእኔ የግል ሐዘን ነው፣ ከታካሚው ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ያገናኘዋል። ዲፊሲል የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ እጅ በምናሽበት አልኮል አይሞትም። አልጋው፣ የበር እጀታው፣ መጸዳጃ ቤቱ በበረኪና በደንብ መታጠብ አለበት። በደንብ ማለት ጊዜ ማለት ነው። ሁለት ዋርድ ብቻዋን የያዘች፣ ወገቧ የተቆረጠ ሴት ያንን ጊዜ ከየት ታመጣለች? የሳተችውን ቦታ የሚነካው ቀጥሎ የሚተኛው ታካሚ ነው።

ሌላም አለ። ሥራ በጀመርኩ ዓመት አንድ አባት የኦክስጅን ቱቧቸው ወልቆ አየሁና ሮጬ ተናገርኩ። ቱቦው ተመለሰላቸው። እኔን ግን «አንቺን ማን ጠየቀሽ? ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነገር ሁሉ አልተናገርኩም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ሌሊት ላይ እያንዳንዱ ክፍል ገብቶ የሚቆይ ሰው እኔ ነኝ፣ ዓይኔም ያያል። ግን ስሜን የማያውቅ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ «ጽዳት!» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ጋ ሄዶ አንድ ነገር ልክ አይደለም ማለት ከባድ ነው።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። አንድ መስመር ይበቃል፦ ዘገባው ሐኪሞችንና ነርሶችን ብቻ ያነጋገረ ነው በሉ። «ሁሉም» የሚለውን ቃል መልሱልን።

ስሜ ባይወጣ ደስ ይለኛል፤ ኮንትራቴ የሚታደሰው በየዓመቱ ነው። ዘጋቢያችሁ ሊያነጋግረን ከፈለገ ግን ቀን አይምጣ፣ አያገኘንም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይምጣ። እኔ 2ኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ጓደኛዬ ምድር ቤት ላውንደሪ ናት።

የሌሊት ተረኛ የጽዳት ሠራተኛ