ስለ አዲሶቹ ሳንድዊቾቻችን ለደንበኞቻችን የተላከ የማብራሪያ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ከያዝነው ወር ጀምሮ ከቁርስና ከቡና በተጨማሪ በአሜሪካ ስማቸው የገነነ ጥቂት ሳንድዊቾችን በምሳ ሰዓት ማቅረብ ጀምረናል። አዲሱ የዋጋ ዝርዝር ከተሰቀለ ወዲህ ብዙዎቻችሁ በውስጣቸው ምን እንዳለ፣ የአሳማ ሥጋ ይኖርባቸው እንደሆነ፣ ለጾም የሚሆነው የትኛው እንደሆነና አንዳንዶቹ ዋጋቸው ለምን ከፍ እንዳለ ጠይቃችሁናል። የሚበሉትን ነገር ጠንቅቆ ማወቅ የእናንተ መብት ስለሆነ፣ ወረፋ ላይ ቆማችሁ በችኮላ ከምንመልስላችሁ በጽሑፍ ማብራራቱን መርጠናል።

በቅድሚያ፣ ወደ ማእድ ቤታችን የአሳማ ሥጋ አይገባም። ይህ ውሳኔ እዚህ አሜሪካ እጅግ የሚወደዱ በርካታ ሳንድዊቾችን ከዝርዝራችን አስቀርቷል። ቤከን (በጨው የታሸና ሳስቶ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ)፣ ሰላጣና ቲማቲም የሚገባበት ቢኤልቲ፣ በሦስት የተጠበሰ ዳቦ ተደራርቦ የሚቀርበው ክለብ ሳንድዊች፣ እንዲሁም በኒው ኦርሊንስ ሴንትራል ግሮሰሪ በተባለው የሲሲሊ ስደተኞች ሱቅ የተጀመረው ሙፉሌታ ያለ አሳማ ሥጋ የሚሠሩ አይደሉም። በተለይ ስለ ኩባ ሳንድዊች ደጋግማችሁ ጠይቃችኋል። ይህ ሳንድዊች በፍሎሪዳ ግዛት፣ በታምፓ ከተማ ኢቦር ሲቲ በተባለው ሰፈር፣ በሲጋራ ፋብሪካዎች ይሠሩ በነበሩ ስደተኞች መካከል ያደገ ሲሆን፣ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ ሃም (በጨው የተሰናዳ የአሳማ ጭን)፣ ስዊስ አይብ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያርና ሰናፍጭ ይገባበታል፤ የታምፓ ሰዎች ደግሞ ጣሊያናዊ ጎረቤቶቻቸው ያስለመዷቸውን ሳላሚ የተባለ የደረቀ ቋሊማ ይጨምሩበታል። አሳማውን በተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ሥጋ ተክተን በዚያው ስም እንድንሸጥ የመከራችሁን ደንበኞች ሐሳባችሁን እናከብራለን። ሆኖም ዋናው ሥጋ ከተለወጠ ሳንድዊቹ ሌላ ሳንድዊች ነው፤ ስሙን አምኖ የሚገዛውንም ሰው ማሳሳት ይሆናል ብለን ስለምናምን አላደረግነውም።

ከምናቀርባቸው ሁሉ በብዛት የሚታዘዘው የፊላደልፊያው ቺዝስቴክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በደቡብ ፊላደልፊያ ሆትዶግ ይሸጡ የነበሩት ፓትና ሃሪ ኦሊቪየሪ የተባሉ ወንድማማቾች የበሬ ሥጋ በጋለ ብረት ላይ ጠብሰው በጣሊያን ዳቦ ውስጥ በማድረግ የጀመሩት ሲሆን፣ አይቡ የተጨመረው ከዓመታት በኋላ ነው። እኛ የምንጠቀመው ሪብአይ የተባለውን፣ ከጎድን አካባቢ የሚወጣውንና በመጠኑ ስብ ያለበትን ሥጋ ነው። ሥጋው ጠንከር እስኪል ድረስ በማቀዝቀዣ ይቆይና እንደ ወረቀት ሳስቶ ይቆረጣል፤ ወፍራም ከሆነ ሰው ሲገምጥ ሙሉው ቁራጭ ከዳቦው ተጎትቶ ይወጣል። ከሽንኩርት ጋር ፈጥኖ ከበሰለ በኋላ ከእሳቱ ሳይወጣ ፕሮቮሎን የተባለው አይብ ይደረግበታል። በፊላደልፊያ ብዙዎች ቺዝ ዊዝ የተባለውን ፈሳሽ አይብ ይመርጣሉ፤ እኛ ግን የሥጋውን ጣዕም ስለሚጫነው ትተነዋል። ቅመም አነሰው የሚል አስተያየትም ደርሶናል። አሠራሩ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ስለሆነ ሥጋውን አልነካነውም፤ ሚጥሚጣና አዋዜ ግን ለጠየቀ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በጎን እንሰጣለን።

ዋጋቸው ከፍ ያለው ፓስትራሚና ሩበን ናቸው። ፓስትራሚ ከሮማኒያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ወደ ኒው ዮርክ ያመጡት ሙያ ነው። የበሬ ፍርምባ ለቀናት በጨውና በቅመም ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በተፈጨ ቁንዶ በርበሬና ድንብላል ተለብጦ፣ በጭስ ታጥኖ በመጨረሻ በእንፋሎት ይበስላል። በዚህ ሁሉ መካከል ውሃውና ስቡ ስለሚወጣ ሳህን ላይ የሚደርሰው ከገዛነው ክብደት በእጅጉ ያነሰ ነው፤ የዋጋው ምክንያትም ይኸው ነው። ሩበን የሚሠራው በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ከሚበስለው፣ በጭስ ካልታጠነው ኮርንድ ቢፍ ከተባለ የበሬ ሥጋ ሲሆን፣ ስዊስ አይብና በጨው የቦካ ጥቅል ጎመን ታክሎበት ራይ በተባለው ጠቆር ያለ ዳቦ ይጠበሳል። የኦማሃና የኒው ዮርክ ሰዎች የእኛ ነው በሚል እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከአይሁድ ምግብ ቤቶች ጋር ስሙ ቢነሣም ሥጋንና አይብን አንድ ላይ ስለሚይዝ የአይሁድን የአመጋገብ ሕግ ለሚጠብቅ ሰው አይሆንም።

በረጅም የፈረንሳይ ዳቦ ስለሚሠራው ፖቦይ ስለተባለው ሳንድዊችም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ1929 የኒው ኦርሊንስ የትራም ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ በመቱ ጊዜ፣ ቀድሞ የትራም ሠራተኞች የነበሩት የማርቲን ወንድማማቾች ለአድመኞቹ በነፃ ያበሉት ሳንድዊች ይህ ነው። ሽሪምፕ በተባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚሠራው በጣም የታወቀ ቢሆንም፣ ብዙዎቻችሁ ሽሪምፕ እንደማትበሉ ስለምናውቅ በዚያው ከተማ እኩል የሚወደደውን፣ የበሬ ጥብስ ከነመረቁ የሚገባበትን መርጠናል።

ለጾም የሚሆነው ለጊዜው የኦቾሎኒ ቅቤና ማርማላታ ብቻ ነው። የአሜሪካ ልጆች የሚያድጉበት ይህ ሳንድዊች የተስፋፋው ተቆርጦ የሚሸጥ ዳቦ እ.ኤ.አ. ከ1928 ወዲህ በየሱቁ ከተገኘ በኋላ ነው። ለዚህ የምንጠቀመው ዳቦ ወተት፣ ቅቤም ሆነ እንቁላል የለበትም፤ ለስላሳው ብሪዮሽ ዳቦ ግን ቅቤና እንቁላል ስላለበት በጾም ቀን አትዘዙት። ኦቾሎኒ የሚያስቆጣው (አለርጂ ያለበት) ልጅ ያላችሁ ወላጆች አስቀድማችሁ እንድትነግሩን አጥብቀን እንለምናለን። ቢላዋውና መክተፊያው የተለየ ቢሆንም ማእድ ቤታችን አንድ ነው፤ ስለዚህ ከኦቾሎኒ ፍጹም ንጹሕ ነው ልንላችሁ አንችልም።

የበሬ ሥጋችንን የምንገዛው ከመደበኛ የአሜሪካ አቅራቢ ስለሆነ ሐላል ብለን አንሸጠውም። ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ለጥፈናል። አቅራቢ የቀየርን ዕለት ጽሑፉም አብሮ ይቀየራል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሳንድዊች ቤቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች